ፍየል የሚያጠጣው ግድግዳ

የሰመራ ፀሐይ በግንቦት ምን እንደምትሠራ ላላየ ሰው መንገር ውሸታም ያስብላል። ቢሆንም ይነገር። እዚያ የሰው ጥላ ከባለቤቱ ተገንጥሎ መኪና ሥር ገብቶ ይተኛል። ዶሮ እንቁላሏን ተቀቅሎ ስለምትጥለው ሰው ጨውና ሚጥሚጣ ይዞ ነው የሚጠብቃት። እንዲህ ባለ አገር ስድሳ ኤሲ የሰረቀ ሰው ሌባ ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ የሰው ትንፋሽ ቀማኛ ነው።

ስድሳዎቹ ኤሲዎች ሰመራ ለሚከፈት አዲስ የነፍሰ ጡሮች ማቆያ የታዘዙ ነበሩ። ከጅቡቲ ወደብ ተጭነው ሰርዶ ድረስ በደህና ገቡ። ሰርዶ ላይ ሾፌሩ ወልደ ኢየሱስ ምሳ ሊበላ ወረደ። ጥብሱን ጨርሶ ጥርሱን እየጎረጎረ ሲወጣ መኪናው የለም። ያ ሁሉ ጎማ፣ ያ ሁሉ ብረት፣ ከነተሳቢው እንደ መሐረብ ጠፋ። በማግስቱ መኪናው ባዶውን ከሎጊያ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ቆሞ ተገኘ። ኤሲዎቹን ግን ያየ አንድም ሰው አልተገኘም። ወልደ ኢየሱስ ታሰረ፤ «ሸጠኸው ነው» ተባለ። ሰውየው ቢምል ቢገዘት፣ እስር ቤቱ ውስጥ ያፈሰሰው እንባ ወለሉን ቢያርስ፣ ሰሚ አላገኘም።

የሰማችው ዋና ሳጅን ራኬብ ብቻ ነበረች። ምርመራው በእሷ እጅ ነው። አዋሽ ሰባት ኪሎ ተወልዳ ሐዲድ ላይ እየዘለለች ያደገች ቀጭን ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት ግራ ጆሮዋ ይግላል ይባላል። ወልደ ኢየሱስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገር ጆሮዋ እንደ ጀበና ክዳን ሳይሆን እንደ ውሃ እንስራ ቀዝቅዞ ቀረ። «ይሄ ሰው አልሰረቀም» አለች። «ታዲያ ማን ሰረቀ?» አሏት አዛዡ። እሱን አታውቅም። ኬላው ሁሉ ተፈትሿል፣ ሚሌ ተጠይቋል፣ ኮምቦልቻ ድረስ ተደውሏል። ሳምንት አለፈ። ሰኞ ሾፌሩ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እትዬ ታንጉት እንምጣ። እትዬ ታንጉት የራኬብ አማት ናቸው፤ የባሏ የሙሌ እናት። ከጎንደር ወርደው አዋሽ ልጃቸው ቤት ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው። ሙሌ አዋሽ ላይ ፊዚክስ ያስተምራል፤ የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ትዝታ ከአባቷና ከአያቷ ጋር ናት። ራኬብ ሰመራ ላይ ሌባ ታሳድዳለች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ትመጣለች። በባልና በሚስቱ መካከል ሦስት መቶ ስድሳ ኪሎ ሜትር አስፋልትና የእትዬ ታንጉት ምላስ አለ። ከሁለቱ አጭሩ አስፋልቱ ነው።

ግንቦት ሃያ አንድ የማርያም ማኅበር ተራው የእነሱ ነበር። ጽዋው ቤታቸው ሲገባ ሦስተኛ ጊዜው ነው። በመጀመሪያው ተራ ራኬብ የግመል ሌባ ስትከታተል አፋምቦ ቀረች። በሁለተኛው የሐሰት ማኅተም የሚቀርጽ ሰው ስታሳድድ ገዋኔ ላይ አመሸች። ሁለቱንም ጊዜ ማኅበርተኛው «የቤቱ እመቤት ወዴት አሉ?» ብሎ ሲጠይቅ እትዬ ታንጉት አንገታቸውን ደፍተው «ከሌባ ጋር ናት» ብለው መለሱ። ለአንዲት የጎንደር ሴት ይህ ከሞት አንድ ጣት ነው የሚያንሰው።

ስለዚህ የዝውውር ቅጽ አስመጡ። አዋሽ፣ መዝገብ ቤት፣ ፋይል መደርደር። ሁሉም ተሞልቶ አልቋል፤ የጎደለው የራኬብ ፊርማ ብቻ ነው።

«በሦስተኛውም ከቀረሽ ትፈርሚያለሽ» አሉ።

«እፈርማለሁ፣ እማማ።»

«በማን ስም?»

«በማርያም።»

ከአፍ የወጣ ነገር እንግዲህ አይመለስም።

ሐሙስ ግንቦት ሃያ አንድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ራኬብ መዝገቡን ዘግታ ሳትጨርስ ከሰመራ ተነሣች። ጽዋው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ቶሎ ከተሄደ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አዋሽ ይገባል። የሚነዳው ረዲ ነበር። ረዲ የአፋር ልጅ ነው፣ ፖሊስም ሾፌርም፤ አማርኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። ለአዛዡም ለፍየሉም «አንተ» ነው።

«ሳጅን፣ ዛሬ ካልደረስሽ ምን ትሆኛለሽ?»

«አቧራ እያራገፍኩ ፋይል እደረድራለሁ።»

«አስተግፊሩላህ! እኔስ ማንን ልነዳ ነው?»

«ሌላ መርማሪ ይመጣልሃል።»

«የሚመጣው ቀልዴን የማይችል ይሆናል። ወላሂ ዛሬ ይቺን መኪና ክንፍ አበቅልላታለሁ።»

ክንፉ ሊበቅል ሲል ሎጊያ አለፈ፤ ጥቂት እንደሄዱም የፍየል መንጋ አስፋልቱን ሞላው። ከኋላቸው አንዲት ረጅም ሴት፣ ዱላዋን በትከሻዋ አጋድማ፣ አስፋልቱ የአባቷ ይመስል ቀስ ብላ ትሻገራለች። ረዲ ፍሬን ያዘ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆነሃል? ጥሩምባ ንፋ እንጂ!»

«ሀምዳ ናት እኮ፣ የእናቴ አጎት ልጅ። ዳጉ ሳንለዋወጥ ካለፍኩ እናቴ ቤት በየትኛው ፊቴ ነው የምገባው?»

«ረዲ፣ ልፈርም ነው እኮ!»

«ትንሽ ነው፣ ሳጅን። ቶሎ ነው።»

ዳጉ ቶሎ የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት አፋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ይላሉ፤ አንዱ ያየውን «ያየሁት ነው» ብሎ፣ የሰማውን «ከእገሌ የሰማሁት ነው» ብሎ ይናገራል፤ ሌላው ጨርሶ ሰምቶ በተራው ይናገራል። መጨመር ነውር ነው። መቀነስም ነውር ነው። ከሁሉ የባሰው ነውር ግን መቸኮል ነው።

ረዲና ሀምዳ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ግራር ሥር ተቀመጡ። ራኬብ መኪናው ውስጥ ሆና ሰዓቷን እያየች ጥፍሯን በላች። ጥፍሯ ሲያልቅ የሀምዳ ድምፅ መጣ።

«መኪና ውስጥ ያለችው ሴት ወሬ የላትም እንዴ? ድንጋይ ናት?»

ራኬብ ወረደች። አዋሽ ያደገ ሰው አፋርኛ አይጠፋውም። የባጡን የቆጡን ትታ የራሷን ዳጉ አወጣች፤ ባሏን፣ ልጇን፣ አማቷን፣ ጽዋውን፣ ቅጹን፣ ስድሳ ኤሲውን፣ ያለ ጥፋቱ የታሰረውን ሾፌር። ሀምዳ በየመሐሉ ታቋርጣታለች።

«ቅጹን አይተሽዋል ወይስ ሰምተሻል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አማትሽ ክፉ ናት?»

ራኬብ አሰበች። ዳጉ ላይ አይዋሽም። «አይደሉም። ልጄን እንደ ዓይናቸው ብሌን ያሳድጉልኛል። አፋቸው ነው።»

«እሺ። አሁን እኔ» አለች ሀምዳ። ዝናብ ከሚያዝያ ወዲህ እንዳልጣለ ተናገረች። የእገሌ ግመል መንታ እንደወለደች ከወንድሟ ሰምታለች። ሳሩ ወደ ወንዙ ዳር ብቻ ቀርቷል። ከዚያ ወደ ውሃ ገባች። «ከሎጊያ ጀርባ፣ ብቻውን የቆመ የሽንኩርት መጋዘን አለ። ግድግዳው ውሃ ያጠጣል። ሳምንት ሙሉ ፍየሎቼን እዚያ አጠጣሁ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ረዲና ወደሚቀጥለው ወሬ ሊያልፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቆይ!» አለች ራኬብ።

ይህን ሌላ ሰው ቢያወራው ሳቅ ነበር። ሀምዳ ግን ዳጉ ላይ ግድግዳ ካለች ግድግዳ ነው፤ ያጠጣል ካለችም ያጠጣል።

«ቧንቧ አለው?»

«የለውም።»

«ታንከርስ?»

«የለውም። ከፍ ብሎ ከግድግዳው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ በስድስት ቦታ። ጉድጓድ ቆፈርኩለት።»

«ውሃው እንዴት ነው?»

«ቀዝቃዛ። ጨው የለውም። ቀትር ላይ ይብሳል።»

ራኬብ ብድግ አለች። አዋሽ ቤታቸው ሙሌ ያስገጠመው አንድ አሮጌ ኤሲ አለ። ውሃው ባልዲ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቅዳሜና እሑድ ባልዲውን የምትደፋው ራኬብ ናት፤ ከረሳች እትዬ ታንጉት «ቤቴን ባሕር አደረግሽው» ይላሉ። ቀዝቃዛ ነው፤ ጨው የለውም፤ ቀትር ላይ ይብሳል። የሽንኩርት መጋዘን ስድስት ኤሲ ምን ያደርግለታል?

ፖሊስ ሳምንቱን ሙሉ ሎጊያን «ኤሲ ያየ አለ?» እያለ ሲያምስ ከረመ። ሀምዳም ተጠይቃለች። ኤሲ አላየችም። ያየችው ውሃ ነው፤ ስለ ውሃ ደግሞ የጠየቃት የለም።

ረዲ ቁልፉን ይዞ መኪናው አጠገብ ቆመ። ዳጉው ብቻ አንድ ሰዓት በልቷል። «ወደፊት ነው ወደኋላ፣ ሳጅን?»

ራኬብ ለሙሌ ደወለች። ሙሌ በሹክሹክታ አነሣ።

«የት ደረስሽ? እማዬ ቅጹን ከነእስክሪብቶው ከጽዋው ጎን አስቀምጣዋለች።»

«ሙሌዬ፣ ኤሲዎቹ ያሉበትን ያወቅሁ ይመስለኛል። ከተመለስኩ ግን በዘጠኝ አልደርስም። ካልተመለስኩ እስከ ነገ ያሸሹት ይሆናል፤ ሰኞም ያ ሰውዬ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል።»

 ከሙሌ ጀርባ የትዝታ ሳቅና የሚሳል የዳቦ ቢላዋ ድምፅ ይሰማል።

«ተመለሺ» አለ ሙሌ። «እኔ ቄሱን ጥያቄ እየጠየቅሁ አቆያቸዋለሁ። ስለ ኖኅ መርከብ ስፋት ከጀመርኩ እስከ አሥር ሰዓት አይጨርሱም።»

ራኬብ መኪናው ውስጥ ገባች። «ወደኋላ» አለች።

መጋዘኑ ሀምዳ እንዳለችው ብቻውን ቆሟል። በሩ ላይ «ሽንኩርት በጅምላ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ግድግዳው ሥር አሥራ አምስት የሌላ ሰው ፍየሎች ተሰልፈው ተራ እየጠበቁ ይጠጣሉ። በሩ አጠገብ ዘበኛው ብርድ ልብስ ተከናንቦ ያስነጥሳል። በግንቦት፤ ሎጊያ ላይ!

ረዲ የፍተሻ ትእዛዝ ሊያመጣ ወደ ሰመራ በረረ። ራኬብ በሩን አንኳኳች። ባለ መጋዘኑ ቢሰጥ ብቅ አለ። የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፤ ጢሙ ላይ ጤዛ ነበረበት ብለው የሚምሉ አሉ። ሲጨብጣት እጁ ከወንዝ የወጣ ዓሣ ይመስላል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ሳጅን። ምን እግር ጣለሽ?»

«በዚህ ሳልፍ ነው። ጉንፋን ይዞሃል መሰለኝ?»

«ሽንኩርቱ ነው፤ ያስነጥሳል።»

«ሽንኩርት ያስለቅሳል ሲባል ነበር የማውቀው።»

«ይሄኛው ሌላ ዘር ነው።»

«ጃኬቱስ?»

«ፋሽን ነዋ!»

ግራ ጆሮዋ ጋለ። እንዲያ ሲግል አይታው አታውቅም፤ እንጀራ ባይሆንም ቂጣ ያበስላል።

ራኬብ ጨዋታ ያዘች። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠየቀችው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ልጆቹ ጤንነት። ቢሰጥ ወደ ውስጥ ሊገባ አንድ እግሩን ሲያነሣ እሷ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች። ፀሐይዋ ደግሞ ከላይ አግዛታለች። መጀመሪያ ጢሙ ደረቀ፤ ከዚያ ግንባሩ አበበ፤ ከዚያ ላቡ በጃኬቱ እጅጌ ወርዶ በጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። አንዲት ፍየል መጥታ ቀመሰችውና ጨው ስለበዛው ተመለሰች።

«ጃኬቱን አውልቀው እንጂ፣ ወንድሜ።»

«ተመችቶኛል» አለ ቢሰጥ፤ እንደ ጧፍ እየቀለጠ።

ረዲ ትእዛዙንና አራት ፖሊሶችን ይዞ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። ከውስጥ የወጣው ብርድ የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያስንቅ ነበር፤ ረዲ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ትንፋሹን ጉም ሆኖ አየና ነፍሱ የወጣች መስሎት ሸሃዳ አለ። ስድስት ኤሲ ግድግዳው ላይ ያጉረመርማል። ሃምሳ አራቱ ከነካርቶናቸው በሽንኩርት ጆንያ ተሸፍነዋል። የመኪናውን ቁልፍ ጋራዥ ውስጥ እንዴት አስቀርጾ እንደሰረቀ ቢሰጥ ሳይጠየቅ ዘከዘከው፤ ብቻ ውሃ ስጡኝ አለ።

«አንዷን ብቻ ላብራ ብዬ ነበር» አለ ጎንበስ ብሎ። «ለአንድ ሌሊት ብቻ። ከዚያ ሁለተኛዋ አሳዘነችኝ። አንቺ ራስሽ፣ ሳጅን፣ ሎጊያ ላይ ስድሳ ኤሲ ይዘሽ ሳታበሪ ትተኛለሽ?»

ራኬብ አሰበች። «አልተኛም። ለዚህ ነው የማልሰርቀው።»

ወልደ ኢየሱስ ያን ቀን ተፈታ። ደስ ብሎት መሬት ሊስም ተደፋና ከንፈሩን ተቃጠለ። አዛዡ ስልክ ደውለው «ራኬብ፣ አንቺን ለመዝገብ ቤት መስጠት ጅብ እያለ ውሻ ማሰር ነው» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሳቸውም አላወቁትም፤ ምስጋና መሆኑ ግን ገባት።

ግን ሰባት ሰዓት ሆኗል። ጽዋው በዘጠኝ ነው፤ አዋሽ ደግሞ ከነበረበት አልተጠጋም።

ረዲ ነዳ። እስከ ገዋኔ ድረስ መኪናዋ መሬት የነካችው ሚሌ ላይ ብቻ ነው ይላል እሱ፤ እሱም ለፍተሻ። ሚሌ ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ገመዱን አስቀድሞ ጥሎ ጠበቃቸው።

«ግድግዳው ሥር ሌባ የያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«ማን ነገረህ?»

«አንድ ሾፌር። እሱ ከሀምዳ ሰማ። እለፊ፣ አማትሽ እየጠበቁሽ ነው።»

 ራኬብ ለሀምዳ የነገረቻት ሁሉ፣ አንዲት ነገር ሳትጎድል፣ ቀድሟት እየሄደ ነበር። ገዋኔ ላይ ነዳጅ ሲቀዱ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። ኤሲው ስድሳ መሆኑን፣ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ መሆኑን፣ ቅጹ ፊርማ ብቻ እንደጎደለው ያውቃሉ። ራኬብ ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ ከአዋሽስ የመጣ ወሬ አለ?»

«የአማትሽን ነገር እስካሁን አልሰማሁም» አሉ። «ያልሰማሁትን አልነግርሽም።»

ከዚያ በኋላ እስከ አዋሽ ድረስ ረዲ እንኳ አልቀለደም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሐዲዱን አቅልታ ልትጠልቅ ስትል፣ ግቢው በር ላይ ቆሙ። ራኬብ ከመኪናው ወርዳ ነጠላዋን አጣፋች። ሦስት ሰዓት አርፍዳለች። ማኅበሩ ተበትኗል፤ ቢላዋው ታጥቧል፤ ቅጹ ይጠብቃታል። በማርያም ምላለች፤ ትፈርማለች። ይህን ለራሷ እየነገረች መጋረጃውን ገለጥ አደረገች።

ቤቱ ሞልቷል። ቄሱ በቦታቸው ናቸው፤ ማኅበርተኛው በቦታው ነው፤ ዳቦው አልተቆረሰም። ሙሌ ጥግ ላይ ድምፁ ዘግቶ ተቀምጧል፤ መርከቡ ካለቀ ቆይቷል። በቤቱ መሐል እትዬ ታንጉት ቆመው እጃቸውን እያወናጨፉ ይናገራሉ።

«... አሥራ ሁለት ታጣቂ! ይሄን የባቡር ጣቢያው ዘበኛ ነው የነገረኝ፤ አፋር ደግሞ አይዋሽም! እሷ ባዶ እጇን! አንዱን በጃኬቱ ብድግ አድርጋ ...»

የጣቢያው ዘበኛ የነገራቸው አንድ ሰውና አንድ ጃኬት ነበር። ዳጉ እስከ እትዬ ታንጉት ጆሮ ሳይጨመርበት ሳይቀነስበት ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የእሳቸው ድርሻ ነው።

ትዝታ እናቷን አየችና ሮጠች። «እማዬ! እውነት በበረዶ ውስጥ ዋኘሽ?»

 እትዬ ታንጉት ዞሩ። በእጃቸው የዝውውር ቅጹን ይዘዋል።

«ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«አሥራ ሁለት፣ እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቃሌ ቃል ነው፤ እስክሪብቶውን ይስጡኝ።»

«የምን እስክሪብቶ? ጽዋው ተነሥቷል?»

ራኬብ ጽዋውን አየችው። እንደተከደነ ነው።

«የቤቱ እመቤት ሳትገባ ማን ያነሣዋል?» አሉ እትዬ ታንጉት። «ቄሱ በአሥር ሰዓት ሊሄዱ ተነሡ፤ በሩ ላይ ቆምኩ። 'ምራቴ ሥራ ላይ ናት፣ ትመጣለች፣ ይቀመጡ' አልኳቸው። ይንገሩሽ!»

«ቆመዋል» አሉ ቄሱ በትሕትና። «በሩ ጠባብ ነው።»

«ይሄንንም ውሰጅልኝ።» ቅጹን ሰጧት። ከቀትር ጀምሮ ሲያራግቡበት ውለው ሁለት ቦታ ተቀዷል፤ ሦስተኛውን እዚያው ፊቷ ላይ በገዛ እጃቸው ቀደዱት። «ነገ በጠዋት ተነሥተሽ ሰመራ ትገቢያለሽ። ደግሞ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔና ትዝታ አንቺ ጋ ነው የምንከርመው። በየሳምንቱ መንገድ ላይ በምታጠፊው ጊዜ ሌባ ያዢበት።»

 ራኬብ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል አፍሰው አቀፏት፤ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ሴቶቹ እልል አሉ። ረዲ በሩ ላይ ቆሞ በአፋርኛ አንድ ነገር ጮኸ፤ በእልልታው መሐል የሰማው አልነበረም፤ ግን ሁሉም አጨበጨበለት።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። አንድ ሽማግሌ «እስቲ አሁን ከባለቤቷ አፍ እንስማው፤ እንዴት ነበር?» አሉ።

ራኬብ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ዳጉ ላይ የዋለ አፍ መጨመር አቃተው። «ታጣቂ እንኳ አልነበረም» አለች። «አንድ ሰውዬ ነው። ብርድ መቶታል። ጥያቄ ጠየቅሁት፣ ላበው፣ ከዚያ በሩን ከፈትን ...»

የማኅበርተኛው ፊት አንድ በአንድ ወረደ።

እትዬ ታንጉት ማንቆርቆሪያውን አምጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«አንቺ ጠላውን ቅጂ፣ ልጄ» አሉ። «ወሬውን ለእኔ ተዪው፤ ታበላሺዋለሽ።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እና አሥራ ሦስተኛው ታጣቂ ...»